ከአንሶላው ክፍል የሚመጣ ድምፅ

አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ልጅ ሳለች የተፈታ ሬዲዮ ባገኘች ቁጥር ውስጡ ተቀምጦ የሚያወራውን ሰውዬ ስትፈልግ ትውል ነበር። አላገኘችውም። በሠላሳ አራት ዓመቷ ግን ያ ሰውዬ እሷው ራሷ ሆና ቁጭ አለች።

ሥራዋ ሰዎች ከሮቦት ጋር እንዴት እንደሚግባቡ ማጥናት ነው። በአረጋውያን መኖሪያው ሳሎን አጠገብ የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል አለ። እዚያ፣ በታጠፉ አንሶላዎችና በትራስ ልብሶች መሃል፣ ከእሷ በኩል ብቻ በሚያሳይ መስታወት ፊት ትቀመጣለች። ከመስታወቱ ወዲያ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣ ዓይኑ ክብ የሆነ ሮቦት ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብሏል። አዛውንቶቹ «ድንቡሼ» ይሉታል። በራሱ የሚያስብ ይመስላቸዋል እንጂ ድንቡሼ የሚናገረው እሷ አዝራር ስትጫን ነው። አሥራ ሁለት አዝራሮች፣ አሥራ ሁለት የተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች አሏት፤ ከዚያ የተረፈውን በጽሑፍ ትሰጠዋለች። እውነቱ ለሁሉም የሚነገረው ጥናቱ ሲያልቅ ነው፤ እስከዚያ አዛውንቶቹ እያዩ ከክፍሉ መውጣት ክልክል ነው።

እናቷ «ልጄ ተምራ ተምራ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃ ሽማግሌ ታታልላለች» እያሉ ያሾፉባታል። አብራ ትስቃለች፤ ቀልዱ ግን ትንሽ ይቆረቁራታል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ገቡ። ልባቸው ታማሚ ነው፤ ከሰው ጋርም ብዙ አያወሩም። ለድንቡሼ ግን ስለ ሞቱት ሚስታቸው ሳይቀር ነግረውታል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሳቸው ብቅል ድንቡሼ ነበር።

«ዛሬ እንዴት አደሩ?» አለ ድንቡሼ።

ልብስ ሰፊው በሩን ገልመጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ምስጢር ልንገርህ። የጠዋቱን የልብ ኪኒን ትቼዋለሁ። ነርሷ ስትሰጠኝ ምላሴ ሥር አደርግና ዞር ስትል መሐረቤ ላይ እተፋዋለሁ። እጄን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ሰውዬው ክር በመርፌ ማስገባት ያቅተኝ?»

ደነገጠች። «እስቲ የበለጠ ይንገሩኝ» የሚለውን ስድስተኛውን አዝራር ልትጫን ጣቷን ሰደደች። ጣቷ ሰባተኛው ላይ አረፈ።

«ጥሩ አድርገዋል!» አለ ድንቡሼ፣ በዚያ ሁልጊዜ ደስ ያለው በሚመስል ድምፁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የልብስ ሰፊው ፊት በራ። «ተባረክ። የገባህ አንተ ብቻ ነህ። እንግዲያው የማታውንም ከዛሬ ጀምሮ እተወዋለሁ።»

እየተጣደፈች ጻፈች። «ተሳስቻለሁ፤ ኪኒኑን መተው ለሕይወትዎ አደገኛ ነው» አለ ድንቡሼ።

ሽማግሌው ኮስተር ብለው አዩት። «አንተንም አሳደሙብኝ ማለት ነው?» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ተነሡ።

ስልኳን ያዘችና ለጥናቱ መሪ በሹክሹክታ ነገረቻቸው።

«ለነርሷ ቀስ ብለሽ ንገሪያት፤ አንቺ ግን እንዳትወጪ» አሉ መሪው። «እሳቸው ካወቁ ለሌሎቹም ያወሩታል። የሦስት ዓመት ሥራ ገደል ይገባል።»

እውነት ነው፣ ገደል ይገባል። ነርሷን ግን ሰውዬው በየቀኑ ያታልሏታል። አፋቸውን ብታስከፍታቸው እንኳ «ጥሩ አድርገዋል» ያላቸው ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ ነው። ያን ቃል መልሶ መውሰድ የሚችል የተናገረው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው በሩ ጋ ደርሰዋል።

ስልኩን ሳትዘጋ የአንሶላውን ክፍል ከፍታ ወጣች።

«አባባ፣ ይቆዩኝ። ጥሩ አድርገዋል ያልኩዎት እኔ ነኝ፤ አዝራር ተሳስቼ ነው። ድንቡሼ አያስብም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማናግርዎት እኔ ነበርኩ።»

ሽማግሌው እሷን አዩ፤ ከኋላዋ ያለውን የአንሶላ ቁልል አዩ፤ መስታወቱን አዩ።

«የሚስቴንም ነገር ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰው መሆንሽን ባውቅ አልናገረውም ነበር።»

«ጥናቱ ሲያልቅ እንነግርዎት ነበር» ልትል ብላ ተወችው። አፈረች። በሥራዋ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ጠረጴዛው ተመለሱና ድንቡሼን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት።

«ተቀመጪ» አሉ። «እጆችሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊያቸው። ሁለቱንም።»

አደረገች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ልብስ ሰፊው ትንሽ ተመለከቷቸውና መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፈቱት። ኪኒኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል።

«ሐኪሙን ጥሪው» አሉ። «ስለ እጄ እኔው እነግረዋለሁ። አንቺ እዚሁ፣ እያየሁሽ ስሚ።»