በእንቁላሉ ያለቀ ጉዳይ

የአሮጌ ኮቴን ኪስ ስፈትሽ ጣቴ አንድ ባዶ ቅርፊት ነካ። የእሳት እራት ወጥታ የሄደችባት ቤት ናት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስታለች፤ ሳሸታት ግን ዛሬም የኮሶ ቅጠል ትሸታለች።

ደባርቅ፣ የመጨረሻው የትምህርት ዓመታችን ነበር። የወንበር ጓደኛዬና እኔ አንድ አባጨጓሬ በማርማላታ ጠርሙስ እናሳድግ ነበር። አባቴ ቡይት ራስ ያለውን የገብስ ማሳ አይቶ ቅዳሜ ሲመለስ የኮሶ ቅጠል በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ያመጣልን ነበር። ትሉ ራሱን በድር ጠቅልሎ ዝም ባለ ጊዜ ተወራረድን፤ የምትወጣው ሴት ከሆነች ሁለታችንም ጎንደር ወርደን አብረን ልንማር። ውርርዱን ለአባቴ ስነግረው ፈገግ ብሎ የጋቢውን ጫፍ አራገፈ።

መምህራችን ግን ሰምተው ሳቁብን።

«ወንድ ይሁን ሴት፣ ሲወጣ የሚወሰን መሰላችሁ? ክንፍ ሳያበቅል፣ ትልም ሳይሆን፣ ገና በእንቁላሉ ያለቀ ነው። የሚወስነውም የእናቲቱ እንቁላል ነው።»

የወንበር ጓደኛዬ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ጥቂት አየችውና፣ «ትሉስ ያውቃል?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም።

ከፈተናው በኋላ፣ ጭጋግ በዋጠው አንድ ማለዳ፣ የእሳት እራቷ ወጣች። ሆዷ የሞላ፣ የግንባሯ ቀንዶች የቀጠኑ፤ ሴት ነበረች። ጠርሙሱን ታቅፌ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሮጥሁ። ግቢው ውስጥ ዳስ ይጣላል፤ አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ከሽማግሌዎቹ መካከል አባቴ ተቀምጧል።

የእርሷ ሠርግ ነበር። የእርሷና የሙሽራው እናቶች ነፍሰ ጡር ሳሉ ባሎቻቸው «ያንተ ወንድ፣ የኔ ሴት ከሆነች» ተባብለው ቃል ተሳስረው ኖሯል። የቃሉ ምስክር አባቴ ነበር።

«ልጄ፣ እርሷ ሳትወለድ ያለቀ ነገር ነው» አለኝ፣ ዐይኑን ከጠርሙሱ ላይ ሳያነሣ።

እርሷ ወጥታ አጥሩ ጥግ ቆመች።

«አባትህ የነገረህ መስሎኝ ነበር» አለች በዝግታ። «እያወቅህ የምትጫወት መስሎኝ።»

ክዳኑን ከፍታ የእሳት እራቷን አጥሩ ላይ አሳረፈቻት፤ ቅርፊቱን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

ዛሬ ጎንደር ብቻዬን እማራለሁ። አባቴ ይደውላል፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ ያወጋኛል። ቃል መጠበቁን ይቅር ማለት እችል ይሆናል። ከልቤ የማይወጣው ቅጠሉ ነው፤ ሁሉን እያወቀ፣ ለጋ ለጋውን መርጦ፣ ጠሉን በጋቢው እየጠረገ ያመጣልን የነበረው።