የጎረቤቴ አረቄና የእኔ ድርሰት

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፈን ሳለ የአማርኛ መምህራችን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «የዚህ ሳምንት የግድግዳ ጋዜጣ ያንቺ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር። ከኑሮሽ የምታውቂውን ጻፊ፣ ርእሱን ራስሽ ምረጪ» አሉኝ። መዝሙሩ ሲጀመር አፌን ከፍቼ ቀረሁ እንጂ አንድ ቃል አልወጣኝም። የግድግዳ ጋዜጣው ሙሉ ለሙሉ ለሴት ልጅ ተሰጥቶ አያውቅም። አጠገቤ የቆመችው ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና፣

«ምን አሉሽ? ልትገረፊ ነው?» አለችኝ።

«ልጽፍ ነው!»

«ያው ነው» ብላ ሳቀች።

ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ወደ ቤት በእግሬ የሄድኩ አይመስለኝም። በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ተሸካሚዎቹ «ተማሪ፣ የማን ውርስ ደረሰሽ?» እያሉ ቀለዱብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። ያን ዕለት ግን «የራሴ!» ብዬ መለስኩላቸው። መልሴ ራሴን አስገረመኝ።

አጥራችን ጋ ስደርስ የጓሮ ጎረቤታችን እንሰቷ መሀል ቆማ አየችኝ። «ምን ተገኘ? ጥርስሽ ከሩቅ ይታያል» አለች። ነገርኳት። እልል አለችልኝ። አፏን የሸፈነችበት እጅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋዜጣው የተሰጠኝ ባለፈው ድርሰቴ ምክንያት ነው። ያ ድርሰት እሷን ምን እንዳደረጋት ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጎረቤታችንን ከተማው የሚያውቃት በአረቄዋ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አረቄ እያወጣች ትተዳደር ነበር። ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተሸካሚዎች፣ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ሁሉ ደንበኞቿ ነበሩ። በፊት ለፊት በር የማይገቡ፣ በጓሮ በር የሚገቡ ደንበኞችም ነበሯት። እነሱን ቀን መንገድ ላይ ስናገኛቸው ስለ አረቄ ኃጢአትነት ይመክሩናል። እሷም ራሷ ትጠጣ ነበር፤ መጀመሪያ ማታ ማታ፣ በኋላ ከጠዋት ጀምሮ። ይህን የማያውቅ አልነበረም። «በገዛ እጇ ነው» ይባላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

እሷና እናቴ አንድ ዊጆ ውስጥ ናቸው። ከሌላ አገር ለመጣችሁ አንባቢዎች ልንገራችሁ፤ ዊጆ የሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዷ ሴት ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ተራው ወደ ደረሳት ሴት ቤት ትወስዳለች። ቅቤው የሴቲቱ ነው፤ ባል አይጠይቅበትም። ባለ ተራዋ ብትፈልግ ትሸጠዋለች፣ ብትፈልግ ለክፉ ቀን ታስቀምጠዋለች። ነገሩ ግን ቅቤው ብቻ አይደለም። ስትወልጂ የሚያርሱሽ፣ ስትታመሚ ውሃ የሚቀዱልሽ፣ ስታዝኚ አጠገብሽ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ከዊጆ የወጣች ሴት ሰው አላት አይባልም። ለመበለት ደግሞ ከዚያ ሌላ ምን አለ?

ድርሰቴ «ሰካራም የራሱ ጠላት ነው» የሚል ነበር። ከጤና ትምህርት የሰማሁትን ወሰድኩ፣ የራሴን ጨመርኩበት። «ማንም የሰውን አፍ በግድ ከፍቶ አረቄ አያፈስበትም» ብዬ ጻፍኩ። «የፈለገ ሰው ባንድ ቀን ይተወዋል» ብዬም ጻፍኩ። መምህራችን ከዚህኛው ሥር በቀይ አሠመሩበትና ዳር ላይ «ግሩም!» አሉ። እሷን አስቤ አልጻፍኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ስለሚንቀጠቀጥ እጅ ስጽፍ በአጥሩ በላይ የማንን እጅ ነበር የማየው?

ድርሰቱ በተመለሰልኝ ሳምንት ቅዳሜ ተራው የእናቴ ሆነ። ሴቶቹ ተሰብስበው ቅቤያቸውን ካስቀመጡ በኋላ እናቴ፣ «ቆጮው እስኪቀርብ ልጄ የጻፈችውን ስሙ» አለች። ተነሥቼ ቆምኩ። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፤ እናቴ ከሥር ከሥሬ ወደ ሀዲይኛ ትመልሳለች፤ ድምፅዋ ከእኔም ይበልጥ ይኮራል። የዊጆው ዳኛ፣ ቅቤ የሚለኩትና ያረፈደን የሚቀጡት ትልቅ ሴት፣ ጉልበታቸውን እየመቱ «እንዲህ ነው እንጂ መማር!» ይሉ ነበር። አንዷ ወደ በሩ ዞር ብላ፣

«እትዬ፣ ሰማሽ? ላንቺ ነው የመጣው!» አለች። ቤቱ ሳቀ።

ጎረቤታችን በሩ አጠገብ ነበረች። አየኋት፤ ግን አላቆምኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ቤት ሙሉ ሰው ቃሌን ሲያዳምጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ማቆም አልፈለግኩም። ስጨርስ እሷ፣ «ያን ባንድ ቀን የሚለውን እስኪ ድገሚው» አለች። ምስጋና መሰለኝ። ከበፊቱ ይልቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላት።

«እውነት ነው» አለች። ቆጮውን ሳትቀምስ ወጣች።

በማግስቱ ያላትን አረቄ ሁሉ አውጥታ እንሰቱ ሥር ደፋችው። ሽታው እኛ ግቢ ድረስ መጣ። እናቴ አቀፈችኝና «ብዕርሽ ሰው አዳነ!» አለችኝ። እኔም ለጓደኞቼ በሙሉ አወራሁ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንገባ ጎረቤታችን ግድግዳው ላይ የሌለ ጉንዳን በእጇ ታራግፋለች። ላብ አጥምቋታል። የሞተው ባሏ ከእንሰቱ ኋላ እየጠራት ነው፤ እሷም «መጣሁ፣ መጣሁ» ትለዋለች። ከዚያ ወደቀች፤ ሰውነቷ ሁሉ ተንዘፈዘፈ፤ ምላሷን ነክሳ ደም ከአፏ ወጣ። ሰው ግጥም አለ። ገሚሱ «ጠበል ትወሰድ» አለ፤ ገሚሱ «ጸሎት ይደረግላት» አለ፤ «የባሏ መንፈስ ነው፣ ሳትቀብረው ጠጥታ ነበር» ያለም አልጠፋ። ሁለት ወንዶች የላም ገመድ አምጥተው ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰሯት። ያሰሯትም እንዳትጎዳ ብለው ነው። ከሁለቱ አንደኛው የየዕለት ደንበኛዋ ነው።

እነዚያ ሰዎች ስትጠጣ «ፈልጋ ነው» ይሉ ነበር። ስትተው «ሰይጣን ነው» አሉ። በመሀል ታማ ይሆናል ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። ነጠላዋን ይዤ ቆሜ ነበር።

እናቴ ድሬሰሩን፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊውን፣ ከክሊኒክ ይዛ መጣች። ገና ከበር «ፍቷት!» አለ። ምን ትጠጣ እንደነበርና መቼ እንደተወች ጠየቀ። እናቴ ስትነግረው ራሱን ያዘ።

«ማን ነው ባንዴ ተዪ ያላት? ስንት ዓመት የለመደ ሰውነት ባንድ ቀን ሲከለከል እንዲህ ያደርጋል! ልትሞትባችሁ እኮ ነበር!»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ወዲያው ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። «እኔ ነኝ» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ያን ሁሉ ሴት ፊት በድምፅ ያነበብኩ ልጅ፣ ለሁለት ቃል አፌ ታሰረ። ድሬሰሩ መርፌ ወጋት፤ ስትረጋጋ ደግሞ አረቄውን በስኒ እየለካች፣ በየጊዜው እየቀነሰች እንድታስተዋት ለእናቴ ነገራት።

አሁን ጠርሙሱ ያለው እኛ ቤት ነው። አረቄ ቀምሳ የማታውቀው እናቴ ከሌላ ቤት ገዝታ ከእህሉ ጋን ኋላ ደብቃ አስቀምጣዋለች። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት በስኒ ቀድቼ በአጥሩ ቀዳዳ የማቀብላት እኔ ነኝ። አንዳንዱ አይቶኝ «የድርሰቷ ልጅ አረቄ አመላላሽ ሆነች!» ይላል። ይበል።

መጀመሪያ ጊዜ ስኒውን ሳቀብላት ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። «ይቅር በይኝ፣ እትዬ» አልኳት።

«ይቅርታሽን ቆይ አስቀምጪው። ማንም የሰው አፍ ከፍቶ አያፈስም ብለሽ አይደል የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ለእንግዳ መጠጥ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚቀምሰው ማን ነው?»

«የቀዳው።»

«ታዲያ!» አለችና ሳቀች። «ሾፌሩ ይመጣል፣ ‹ቀምሰሽ ስጪኝ› ይላል፤ እቀምሳለሁ። ረዳቱ ይመጣል፤ እቀምሳለሁ። ተሸካሚው አንድ መለኪያ ለመጠጣት እኔን ያስቀምሰኛል። ጸሐፊው ደግሞ ሁለቴ ነው የሚያስቀምሰኝ፤ የተማረ ሰው ሞት ይፈራል። ካልቀመስኩ መርዝ አለበት ማለት ነው፤ ማን ይገዛኛል?»

ይህን ልማድ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኛም ቤት ጠላ ሲቀዳ እናቴ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ከሷ ቤት ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ያን ሁሉ ጉንጭ ድርሰቴ ውስጥ አንድ ላይ አልደመርኩትም።

«እንግዲያው ጥፋቱ የነሱ ነዋ» አልኳት፤ ቀለል ሊለኝ ፈልጌ ነው።

«አይ! እንደሱ ደግሞ እንዳትጽፊ። እጄ የኔ ነው፣ ጉሮሮዬም የኔ ነው። ማታ በሩን ዘግቼ ብቻዬን የጠጣሁትን ማን አስቀመሰኝ? እኔ የምልሽ፣ መንገዱን ብቻዬን አልመጣሁትም ነው።» ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ጨለጠችው፤ መንቀጥቀጧ ትንሽ በረድ አለ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችኝም፤ «ሂጂ፣ ደወል ይደወልብሻል» አለችኝ።

ሰኞ፣ እልል ባለችልኝ ዕለት፣ ወደ ቤት ስገባ ዳኛዋን ከእናቴ ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የጎረቤታችን ነው፤ እሳቸው የመጡት ይህን ሊያስቀሩ ነበር።

«ቅቤያችንን ሰይጣን የጮኸበት ቤት አናስቀምጥም። ደግሞም አልተወችም፤ ጠዋት ጠዋት ትጠጣለች አሉ። ተራዋ ይለፍ፤ ከዚያ ወዲያ እንዳትመጣ ይነገራት።»

«እኔ ነኝ የማጠጣት» አለች እናቴ። «በሐኪም ትእዛዝ።»

«አንቺ ሩኅሩኅ ነሽ። የፈለገ ባንድ ቀን ይተወዋል፤ የገዛ ልጅሽ ቃል ነው።»

በዚህ ጊዜ መናገር ቻልኩ። «እማማ፣ ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው። የታመመችው በእኔ ምክር ነው» አልኳቸው።

እሳቸው በፍቅር ጉንጬን ዳሰሱኝ። «የጻፍሽው እንዴት ያለ ቆንጆ ነገር ነው! ምኑ ይዋሻል?» አሉኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያመመኝ ምስጋና የለም። ቆንጆ ስለሆነ ብቻ አምነውታል። ድሬሰሩ የተናገረው ሁሉ እንደኔ ሰረዝና ነጥብ ስላልነበረው፣ ሰው ፊት ቆሞ ስላላነበበው፣ ከቤቱ ደጃፍ አላለፈም። ዳኛዋ ሄዱ። የመጨረሻ ቃላቸው፣ «ሴቶቹ ቅዳሜ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ፤ የሚሄድ ካለ!» የሚል ነበር። በሴቶቻችን ዘንድ ደንቡ ይህ ነው፤ ባለ ተራዋ ቤት ማንም ካልመጣ ተባረረች ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም።

ተመልሼ አጥሩ ጋ ሄድኩና የሰማሁትን ለጎረቤታችን ነገርኳት። የእንሰቱን ቅጠል በጣቷ ተለተለች።

«ግድግዳ ሙሉ ጻፊ ተብለሽ የለም?» አለችኝ። «በይ ጥሪልኝ።»

«ስምሽን ልጻፍ?»

«ስሜን ምን ይሠራልሻል? የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ ለማያውቀኝ ቤቱን ንገሪው። ደግሞ ድናለች ብለሽ እንዳትዋሺ። ጠዋት አንድ ስኒ እጠጣለሁ፤ ሳምንት ደግሞ ከስኒው ጎደል ይላል፣ እግዜር ካለ። እንደሱ ብለሽ ጻፊ። የሚመጣው ይህን አውቆ ይምጣ።»

ስለዚህ ይህን ሐሙስ ዕለት ግድግዳው ላይ የምታነብቡ ሁሉ፣ ተማሪዎችም መምህራንም፣ ጎረቤታችን ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ቤቷ ጠርታችኋለች። ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ እንሰቱ እስከ መንገዱ የደረሰው ነው። ዊጆ ውስጥ ያሉ እናቶች ካሏችሁ ይህን አንብቡላቸው፤ አማርኛ የማይሰሙትን በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ፣ በጉራጊኛ ንገሯቸው። ቅቤ ያላት በቅጠል ጠቅልላ ትምጣ። ቅቤ የሌላት ባዶ እጇን ትምጣ። ቆጮና ጎመን አለ፣ አሬራም አለ፤ አረቄ የለም፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አያስቀምስም። እኔና እናቴ በጠዋት ገብተን ቤቱን እንጠርጋለን፤ በሩ ክፍት ነው፣ የፊት ለፊቱ በር።