የኔታ ስሜነህ ኮምፒውተር ላይ የሳሏት እናት

ዛሬ ጠዋት ደጀን ላይ በረዳትነት የምሠራበትን አውቶቡስ ጎማ እያስነፋሁ ስልኬ ጮኸ። አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ የኔታ ስሜነህ አረፉ አለኝ። ሳቅሁበት። በእኔ አትጫወት ብዬ ዘጋሁት።

ሌላ ሰው ደወለ፤ እሱንም ዘጋሁት። ስንቱን በውሸት ስልክ እንዳስሮጥኩ ታውቃላችሁ፤ ተማክረው ሊበቀሉኝ መሰለኝ። ሦስተኛዋ የእህታቸው ልጅ ነበረች። እሷ ታለቅሳለች። ሹፌሩ ጎማው ሊፈነዳ ነው ብሎ ሲጮህብኝ ነው የነቃሁት።

ለማታውቋቸው፦ የኔታ ዲማ ገዳም ቅኔ የተማሩ፣ ብራና ላይ ስዕል ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ሳውቃቸው ግን ማርቆስ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል በኮምፒውተር ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። እኔን ደግሞ አስረኛ ክፍል ስወድቅ፣ ቤተሰብ ቢያንስ ታይፕ ይማር ብሎ እሳቸው ዘንድ ላከኝ።

ኮምፒውተሯ ሆዷ ትልቅ፣ ስትነሳ እንደ ወፍጮ የምታጓራ ነበረች። ባለጉዳይ ሲጠፋ የኔታ ፔይንት የሚባለውን የስዕል ፕሮግራም ይከፍታሉ። ከታች በተደረደሩት ጥቂት ቀለሞች የጮቄን ተራራ ይስላሉ፤ ጉም፣ የጅባራ ተክል፣ ውርጭ የመታው ገብስ። ስዕሉን አጉልተው እያንዳንዷን ነጥብ ለየብቻ ይቀቧታል። ሲያልቅ ባክግራውንድ ያደርጉታል። እሳቸው ግን ባክግራውንድ አይሉትም፤ «መጋረጃ» ነው የሚሉት፣ የመቅደሱን ይመስል።

ውጭ ክረምት፣ ጣራው በዝናብ ይንጫጫል፣ ስክሪኑ ላይም ጉም። አንዳንዴ የቱ ከየቱ እንደመጣ ይጠፋኝ ነበር። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ስክሪኑ ውስጥ የሚተኛ፣ ወይ ደግሞ ከስክሪኑ ወጥቶ ከተማውን የሚያለብስ ይመስለኛል። ፈዝዤ ሲያዩኝ ደስ ይላቸዋል። ስቸኩል ግን «ነጥብ በነጥብ» ይሉኛል። ታይፕ ስፈጥን ነጥብ በነጥብ። ዳቦ ሳላኝክ ስውጥ ነጥብ በነጥብ።

አንድ ቀን ስገባ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል። ጉም ውስጥ፣ የድንጋይ ካብ ላይ የተቀመጠች ነጠላ ያጣፋች አሮጊት። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። በቤተ ክርስቲያን ስዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን እንደሚሳል ያስተማሩኝ ራሳቸው የኔታ ናቸው። ምሳ ሲወጡ፣ ይቺን አሮጊት እስቲ ኃጢአተኛ ላድርጋት አልኩ። የግራ ዓይኗን በፊቷ ቀለም ደፈንኩት። ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። መልሼ ሰቀልኳትና ሳቄን አፍኜ ጠበቅሁ።

የኔታ ገብተው ተቀመጡ። ስክሪኑን አዩ። ባለጉዳይ መጣ፣ ማመልከቻውን ጽፈው ሸኙት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

«እናቴ ናት» አሉ። «ፎቶ ተነስታ አታውቅም።»

ለካ እኔ በሌለሁበት ሰዓት አራት ወር ሙሉ ሲስሏት ኖረዋል። ልመልሰው ተጣደፍኩ፤ ፔይንት አንዴ ከተዘጋ በኋላ የነበረውን አያስታውስም። የቀኝ ዓይኗን ኮፒ አድርጌ፣ ገልብጬ በግራ ለጠፍኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። የእናታቸው የግራ ዓይን ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር፤ ይቺ ሌላ ሴት ናት አሉ። ራሳቸው ሞከሩ። ሳሉ፣ አጠፉ። ደግመው ሳሉ፣ አጠፉ። በመጨረሻ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ። መጀመሪያ ሲስሉት ከልባቸው አውጥተው ስዕሉ ላይ አስቀምጠውት፣ አሁን ሲፈልጉት ልባቸው ውስጥ የለም።

እኔ፣ እፍረት የሚባል ነገር የማያውቀኝ፣ አንገቴን ደፋሁ።

የኔታ ዞር ብለው አዩኝ። አተኩረው አዩኝ።

«እንዲያው እንዳለህ ሁን» አሉ። «ስታፍር ዓይንህ ይወርዳል። የሷ እንደዚያ ነበር።»

ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ አፍሬ ተቀመጥኩላቸው። ቀልድ ሊያመልጠኝ ሲል ዓይኔ ይነሳል፤ እፈር ይሉኛል፤ አፍራለሁ። የዕድሜ ልኬን እፍረት ያኔ ስለጨረስኩት ነው ዛሬ የማላፍረው። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ሄደብን፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሲያልቅ የእኔ ዓይን እናታቸው ፊት ላይ ተቀምጦ፣ ከጉሙ ውስጥ ሁለታችንንም ዝቅ ብሎ ያየናል።

ኮምፒውተሯ ከዓመታት በኋላ ተበላሸች፤ ስዕሉም አብሯት ቀረ። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄጄ ነገሩን አነሳሁ። ይቅርታ ልል ነበር። በቀልድ ጀመርኩት፣ እንደ ልማዴ ቀልዱ ይቅርታውን ዋጠው። የኔታ አልሳቁም።

«ዓይኔን ስጨፍን ትመጣለች» አሉኝ። «ግን ባንተ ዓይን ነው የምታየኝ። የራሷ እንዴት እንደነበር ጠፋኝ።»

ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልገባኝም። ልጠይቃቸው ስል ጎረቤት ገባ፣ ወሬው ተቀየረ፣ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

አሁን አውቶቡሱ ወደ ማርቆስ እየሄደ ነው። መስኮቱ ላይ ጉም ተለጥፎበታል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቷል። በጣቴ አንድ ነጥብ ጠርጌ ወደ ውጭ አያለሁ፣ ምንም አይታይም።

የኔታ፣ እንግዲህ ደህና ይሂዱ። ዛሬ እናትዎን ያገኛሉ። አይቸኩሉ፣ ጠጋ ብለው ይዩዋቸው፤ የግራ ዓይናቸውን በደንብ ይያዙት። የእኔን ዓይን ካልመሰለ እሰየው፤ ያጠፋሁብዎትን አገኙ ማለት ነው። የእኔን ግን ይመልሱልኝ። እርስዎ በአንድ ዓይን ተለቅሰው የሚያልቁ ሰው አይደሉም።