ሽማግሌ የላክንለት ግሩፕ

ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ በዶርማችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት፣ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ አዲስ የገባ ልጅ ረጅም ሰላምታ ጽፎ አገኘሁ። ስለ አንድ ፕሮግራም አጫጫን የሚጠይቀው ነገር እንዳለው ያስታውቃል። መጀመሪያ ግን የሁላችንንም ጤና ጠይቋል፣ ስለ ድፍረቱ ይቅርታ ለምኗል፤ ከዚያ መልስ እየጠበቀ ነው። የመጣለት መልስ «ሰላምታህን ለእናትህ አድርስ። ጥያቄ ካለህ ጻፍ፣ ከሌለህ ውጣ» የሚል ነበር። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል።

ልጁ ወዲያው ወጣ። ስሙን እንኳ በቅጡ አላየሁትም። ግን የተሰደብሁት እኔ ይመስል ፊቴ ጋለ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ጎንደር፣ በአባቴ ሱቅ የሆነው ነገር እንዳለ መጣብኝ።

አባቴ አራዳ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል፤ አያቴም እዚያው ይነግድ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንዋር በልጅነቱ በሕመም ምክንያት ዓይኑን ያጣ ነው። ዓይነ ስውር ሲባል ብዙ ሰው ለስላሳና ታጋሽ ሰው ይጠብቃል። አንዋር እንደዚያ አይደለም። ምላሱ ይለበልባል፤ መንገድ ላይ ሳይጠይቁ ክንዱን የሚይዙትን ሰዎች «ሌባ!» ብሎ ያስደነግጣቸዋል። ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። አባቴ የገዛለት ያገለገለ ላፕቶፕ ነበረው፤ በላፕቶፑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኖበታል። አንዋር መምህራኑ በአማርኛ ያብራሩትን ራሱ እየተየበ የሁለት ዓመት ማስታወሻ አስቀምጦበት ነበር።

ሰኔ ገብቶ፣ ዝናቡ የአራዳን መንገድ ማጨቅየት ሲጀምር፣ ፈተናውም ሲቃረብ፣ ፕሮግራሙ ራሱን አደሰ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛ ሲያገኝ ያነባል፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። አንዋር ቁልፉን ይጫናል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ደግሞ ይጫናል። ምንም። የሁለት ዓመት ድካሙ እዚያው ፊቱ ተቀምጦ አልናገርም አለው። እኔ ላንብብልህ ብዬ ሁለት ቀን ሞከርሁ። «አንቺ ስታነቢው ያጠናሁት ሁሉ የአንቺ ይመስላል» አለና አስቆመኝ።

የዚያ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች የሚረዳዱበት የቴሌግራም ግሩፕ እንዳለ የሰማሁት ከአንድ መምህሬ ነው። ገባሁ። የሚመራው ራሱን «ጠባቂው» ብሎ የሰየመ አድሚን ነበር። ከላይ የተሰካውን ደንብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁ፤ ደንብ ማክበር፣ ሰው ማስደሰት የምወድ ልጅ ነበርሁ፣ አሁንም ነኝ። «ሥዕል መላክ ክልክል ነው» ይላል። ሰዎች የሚቀባበሉትን የቀልድ ሥዕል መሰለኝ።

በእኛ ዘንድ ሰው ቤት ሲኬድ ከአጥሩ ውጭ «ቤቶች!» ተብሎ ይጠራል፤ «ማነው? ግቡ» እስኪባል ይቆማል። ከተገባም በኋላ ተቀምጦ፣ የከብቱም የልጁም ጤና ተጠይቆ፣ የመጡበት ጉዳይ የሚነሳው ባለቤቱ «ምነው፣ በደኅና ነው?» ሲል ነው። ሳይጠየቁ ጉዳይን ማፍረጥረጥ የርኃብተኛ ወግ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ሰላምታዬን አሳምሬ ጻፍሁ፤ ከዚያ አንድ ሰው «ምን እንርዳሽ?» እስኪለኝ ጠበቅሁ። ጠባቂው «ጥያቄ የሌለው መልእክት፣ ተሰርዟል» ብሎ ጻፈ።

ደንግጬ ወዲያው ጥያቄዬን ላክሁ። እንዲገባቸው ብዬ የላፕቶፑን ስክሪን ፎቶ አንሥቼ፣ ስሕተቱን የሚያሳየውን መስመር በቀይ ከብቤ አያያዝሁበት። አንድ አባል «ግሩም ሥዕል ነው፤ በተለይ ቀለሙ» አለ። እኔም አመሰገንሁት። ጠባቂው ግን «ደንብ አንብቢ። ሥዕል አይላክም። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» አለኝ። ፎቶው ደብዝዞ ነው ብዬ አሰብሁ። ስክሪኑን በሻሼ ጠርጌ፣ ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ሌላ ጥርት ያለ ፎቶ ላክሁላቸው።

ታገድሁ።

ለአንዋር ስነግረው ሳንቡሳ እየበላ ነበር። ማኘኩን አቆመ። «ፎቶ? ዕውሮች ለተሰበሰቡበት ግሩፕ ፎቶ ላክሽ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ማን ይሆናሉ፣ እንደ እሱ ያሉት ናቸው እንጂ! እኔ የሚያስተካክሉት ባለሙያዎች ስለሆኑ ያያሉ ብዬ ነበር ያሰብሁት።

«ቀይስ ለምን ከበብሽበት? እንዳያመልጣቸው ነው?» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። «በቃ ተይው። ማን ለምኚልኝ አለሽ?»

አልተውሁትም። ሰው ሲቀየም የሚደረገውን አውቅ ነበር። የበደለ ሰው ራሱ ሄዶ አይነዘንዝም፤ ሽማግሌ ይልካል። አባቴም ሐሳቤን ሲሰማ «ደግ አሰብሽ» አለኝ። ባለጉዳዩ ሽማግሌ አይሆንምና እሱ ራሱ አልገባበትም። ቅዳሜ ገበያ ቀን ሦስት ሰዎች ሱቃችን ተሰበሰቡ። አንደኛው ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ሀጂ ኑሩ ናቸው፤ በሰፈሩ ጠብ ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ ጭነው የሚመጡት የአባቴ የዘመናት ደንበኛ አያ ጣሰው፣ ሦስተኛው በራችን ላይ ልብስ የሚሰፉት ሰውዬ ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አያ ጣሰው ያመጡት የገብስ ቆሎ በሣህን መካከላችን ተቀምጧል።

«ለመሆኑ የሰውየው ቤት ወዴት ነው?» አሉ አያ ጣሰው።

«ቤት የለውም አያ። በስልክ ውስጥ ነው።»

«ቤት የሌለው ሰው ምን ደጃፍ አለው? የትኛው ደጅ ልንቆም ነው?»

«አንተ ቆሎህን ቆርጥም፤ ልጅቱ ታስገባናለች» አሉ ሀጂ።

ለአያ ጣሰው በእኔ ስልክ ላይ የቴሌግራም አካውንት ከፈትሁላቸው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የመጣው በእሳቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር። ሀጂና ልብስ ሰፊው በየራሳቸው ስልክ ገቡ። ማን ይቅደም በሚለው ትንሽ ተገባበዙ። ከዚያ ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ድምፃቸውን ቀዱ።

«አሰላሙ አለይኩም። ሀጂ ኑሩ ነኝ ከጎንደር። ሐያት የምትባል ልጃችን ሳታውቅ አጥፍታለች። ልጅ ያጠፋል፣ ትልቅ ይምራል። ለሽበታችን ስትሉ መልሷት።»

አያ ጣሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እኔም ጣሰው ነኝ። እንደ ደንቡማ ድንጋይ ተሸክሜ ከደጃችሁ በወደቅሁ ነበር። ደጅ የላቸውም አሉኝ። ድንጋዩን እንደተሸከምሁ ቁጠሩልኝ።»

ልብስ ሰፊው «እኔም እንደነሱ» ብቻ አሉ።

ሦስቱም ስልኩን ከበው ጠበቁ፤ ሽማግሌ ተናግሮ ሲጨርስ ባለቤቱ «ተቀመጡ» እስኪለው እንደሚጠብቀው። መጀመሪያ አንድ አባል «ነገ ደግሞ ጳጳስና ሼህ ትልካለች» ብሎ ጻፈ። የጠባቂው መልስ ተከተለ፤ የአያ ጣሰውን ንግግር ሰምቶ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አላለፈም። «አንድ የታገደች ሰው፣ ሦስት አዲስ ስም፣ ባንድ ጊዜ። ይህን ጨዋታ እናውቀዋለን። ሦስቱም ታግደዋል።»

አነበብሁላቸው። ባላነብላቸው ይሻለኝ ነበር።

«ምነው፣ ሳይሰሙን?» አሉ አያ ጣሰው።

ሀጂ ጮክ አሉ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስንት ደም አድርቄ! ስሙን የማላውቀው፣ ፊቱን ያላየሁት ሰው ከበር ይመልሰኝ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሐያት፣ እውነቱን ንገሪን። ስድብ ጽፈሽባቸዋል?»

«ወላሂ አልጻፍሁም ሀጂ። ፎቶ ብቻ ነው።»

«ለፎቶ ሽማግሌ አይመለስም። ሌላ ነገር አለ።»

አባቴም አየኝ። እሱም እንደተጠራጠረ ዓይኑ ነገረኝ። እኔን ያቃጠለኝ ከጠባቂው ስድብ ይልቅ ያ ነው።

አንዋር ከትምህርት ቤት የማጠናከሪያ ትምህርት ጨርሶ፣ በትሩ ጭቃ እንደያዘ የገባው በዚህ መሐል ነው። የሆነውን ከሀጂ አፍ ሰማ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «አባባ፣ ስልክህን ስጠኝ» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «ግሩፑ ውስጥ አስገቢኝና ጣቴን መቅጃው ላይ አድርጊው። ከዚያ አፍሽን ዝጊ» አለኝ።

እንዳለኝ አደረግሁ።

«አንዋር ነኝ ከጎንደር። አራተኛው ሽማግሌ አይደለሁም፣ ባለጉዳዩ ነኝ። አላይም። ፕሮግራሙ ራሱን ካደሰ ወዲህ እንግሊዝኛ ያነባል፣ አማርኛ ይዘልላል። የአማርኛው ድምፅ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ስመርጠው ግን አንድ ጊዜ ጢን ይልና ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል። አጥፍቼ አብርቻለሁ። ነቅዬ መልሼ ጭኛለሁ። ያው ነው። ፈተና ደርሶብኛል።»

ሰላምታ የለው፣ ስንብት የለው። ሀጂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መልሱ በድምፅ መጣ። የወጣት ድምፅ ነበር፣ የደከመው። ከኋላው አንድ ማሽን የሰው ጆሮ በማይከተለው ፍጥነት ያነባል፤ የአንዋር ላፕቶፕ ዝም ከማለቱ በፊት ልክ እንደዚያ ነበር የሚያነበው። ጠባቂውም አያይም ማለት ነው።

«አንዋር፣ ይህን መጀመሪያ ተናግረህ ቢሆን ይኼኔ እያነበብህ ነበር። የአማርኛው ድምፅ ከአዲሱ ቅጂ ጋር አይስማማም። አዲሱን አጥፍተህ የቀድሞውን ትጭናለህ፣ ራሱን እንዳያድስም ትዘጋዋለህ። ፋይሉን እልክልሃለሁ። ሰዎቹ የእውነት ሽማግሎች ከሆኑ፣ ይህ የእርቅ ቤት አይደለም በላቸው። የሰው ጊዜ ነው የበሉት።»

የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«እህ፣ ምን ትለዋለህ?» አሉ ሀጂ።

አንዋርን አውቀዋለሁ። ከዚህ ላነሰ ነገር የሰው አባት የሚረግም ልጅ ነው። አገጩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ስድብ ከወጣው ግን ይታገዳል፤ ፋይሉ አይመጣም፣ ማስታወሻው ድዳ እንደሆነ ይቀራል።

መቅጃውን ራሱ በጣቱ ፈልጎ ተጫነ። «ፋይሉን ላክልኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሀጂ ኑሩ ጃንጥላቸውን አነሡና ሳይሰናበቱ ወጡ። አያ ጣሰው ባዶ ጆንያቸውን እየጠቀለሉ «የአንተስ ይሁን፤ ስለ ትምህርትህ ነው። የዚያ ሰው ግን ሸጋ አይደለም» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ አማርኛ ተናገረ። ከጓዳው በር ኋላ ሆኜ ያንን ፈጣን፣ ደረቅ ድምፅ ስሰማ እንባዬ መጣ። ልገባ ስል አንዋር ኮቴዬን ለየ።

«ያ ሁሉ ሰው ስለ እኔ ሲናገር እኔ የት ነበርሁ?» አለኝ።

«ትምህርት ቤት ነበርህ» አልሁት።

«በሩን ዝጊው» አለኝ።

በማግስቱ አንዋር ሀጂን ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻውን በበትሩ ጭቃውን ተሻግሮ ሄደ። ሀጂ ከሱቃቸው መድረክ ላይ ሆነው «ሽማግሌ ላክ» ብለው መለሱት። አንዱ ጋ ራስህ ካልመጣህ ይባላል፣ ሌላው ጋ ራስህ ለምን መጣህ። አባቴ ለሀጂ ሽማግሌ ላከ፤ አያ ጣሰውም ከተላኩት አንዱ ነበሩ። ክረምቱ ሳይወጣ ታረቁ። ለእገዳው ይቅርታ የጠየቀን ግን የለም፤ ሀጂም ያንን ግሩፕ እስካሁን «ደጅ የለሾቹ» ይሉታል።

ማን ልክ ነበር ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ጠባቂው ባለጌ ነበር፤ ይህን ማንም አያስተወኝም። በየቀኑ ስንት ሰው እየመጣ የማያዩትን ሥዕል እንደሚያሳያቸውም አስባለሁ፣ ግን ስድቡን አያቀልልኝም። የእኛም ጨዋነት ቢሆን እንከን ነበረው። እኔ፣ አባቴ፣ ሦስቱ ሽማግሎች፣ ሁላችንም በትሕትና ጎንበስ ብለን ስንለምን፣ የሚናገረው ነገር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱን አልጠየቅነውም።

አንዋር አሁን ደባርቅ ይማራል። በዕረፍት ጎንደር ሄጄ ሳለ ጧት መናኸሪያ ድረስ አብሬው ሄድሁ። ጉም ነበር፤ ማኪናዎቹ ሞተራቸውን አሙቀው ይንፈቀፈቃሉ። ረዳቱ አንዋርን አልፎ እኔን አየና «እሱ የት ነው የሚወርደው?» አለኝ።

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ቶሎ መመለስ ልማዴ ነው፤ ዝም ስል የበደልሁ ይመስለኛል። ዝም አልሁ።

«አንቺ! አትሰሚም እንዴ?»

አንዋር አልቸኮለም። ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። ረዳቱ ከእግሬ እስከ ራሴ ገላመጠኝና ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ምን ዓይነት ያልተቀጣች ልጅ ናት!» አለ። ተሳፋሪው ዞሮ አየኝ። ፊቴ ጋለ፤ ግን አፌን አልከፈትሁም።

«ደባርቅ» አለ አንዋር፣ ሲደላው።