አልበቃሁም ባዩ አባቴ

አባቴ ስለ ኃጢአቱ ሲናገር የሰማ ሰው ጃናሞራን ያቃጠለ ሽፍታ ይመስለዋል። ሰው አልገደለ፣ ድንበር አልገፋ፣ የሰው ሚስት ቀና ብሎ አላየ። መካነ ብርሃን አጠገብ ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ገበሬ ነው። ቁረብ ሲሉት ግን መልሱ አንድ ነው፤ «አልበቃሁም»። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። በቃ ሰለቸኝ። ነፍሱን ሊወስድ የሚመጣውን መልአክ እንኳ «ቆየኝ እስኪ፣ ገና ነኝ» ብሎ የሚመልሰው ይመስለኛል።

የራሱ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ችግሩ እናቴ ናት። እንደ አገራችን ወግ ሁለቱ በሰማንያ ተጋብተው፣ እኛን አሳድገው፣ ፀጉራቸው ሲሸብት ሊቆርቡ ነበር ሐሳባቸው። ባልና ሚስት ደግሞ የሚቆርቡት አብረው ነው፤ አንዱ ገብቶ ሌላው ደጅ አይቆምም። ስለዚህ እሱ አልበቃሁም ባለ ቁጥር እሷም ሳትወድ አልበቃችም ማለት ነው። ይህን ስነግረው እንደማያውቀው ነገር ጭንቅላቱን ይነቀንቃል እንጂ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አይልም።

እናቴ ልቧን ስትታመም ሁለቱንም ወደ ጎንደር አመጣኋቸው። እኔ የሆስፒታል ላብራቶሪ ሠራተኛ ስለሆንሁ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገረኝ፤ ልቧ ደክሟል፣ መድኃኒቱ ያቆያታል እንጂ አያድናትም። ለእሷ አልነገርኋትም፤ እሷ ግን ሳይነገራት ገብቷታል። አንድ ጠዋት ክኒኗን እየሰጠኋት «ሳልቆርብ እንዳልሞት አድርጊኝ፤ ሌላ የምለምንሽ የለኝም» አለችኝ። እሺ አልሁ። እሺ ስል ማሸነፍ ያለብኝ በሽታውን ሳይሆን አባቴን መሆኑን ዘንግቼ ነበር።

ኃጢአቱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጅ ሳለሁ አክስቴ ነግራኛለች። ከእኔ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ተወልዳ ነበር። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ ታመመች። እንዲህ ሲሆን ካህን ተጠርቶ፣ ቀኑም ባይደርስ፣ ሕፃኑን ያጠምቃል። እናቴ ሂድና ቄሱን ጥራልኝ አለችው። ክረምት ነበር፣ ወንዙም ሞልቶ ነበር፤ አባቴ «ነገ ይሻላታል፤ ባይሻላት እሄዳለሁ» አለ። ነገ አልደረሰችም። ሳትጠመቅ ሞተች፣ ፍትሐት ሳይደረግላት ተቀበረች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ስለ ልጅቷ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ።

አዝንለታለሁ፤ ድንጋይ አይደለሁም። ግን ይህ ሰው ንስሐ ገብቷል እኮ! የተናዘዘለት ቄስ ቀኖና ሰጥቶት ጾሞ ሰግዶ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ «ቀኖናው ቀለለኝ» አለ። ሌላ ቄስ ጋ ሄደ፣ እዚያም ቀለለው። ጎንደር ከመጣ በኋላ የሰፈራችንን ወጣት ቄስ የንስሐ አባት አድርጌ ያዝሁለት። ቄሱ የጾምና የስግደት ቀኖና ቢሰጡት አባቴ ቤት ተመልሶ ሲነጫነጭ ዋለ። «ይኸ እኮ ዶሮ ለሰረቀ ሰው የሚሰጥ ነው» አለ። አንድ ቀን ሳይነግረን አውቶብስ ተሳፍሮ ድብ ባሕር ወረደ፤ እዚያ አንድ ጨካኝ ናቸው የሚባሉ መነኩሴ እንዳሉ ሰምቶ ነው። መነኩሴው ታሪኩን ሰምተው፣ ሽማግሌ ነህና እህልህን በልተህ ወደ ንስሐ አባትህ ተመለስ ብለው ሰደዱት። ተናዶ መጣ። ጨካኝ ናቸው ያሉኝ ሰዎች ዋሽተዋል አለ።

ወጣቱ ቄስ ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ቤት መጥተው አጠገቡ ተቀመጡና በትሕትና አናገሩት። «አባቴ፣ ቀኖና ዋጋ አይደለም። ዋጋውን የከፈለው ሌላ ነው፤ የርስዎ ድርሻ መቀበል ነው» አሉት። አባቴ «እውነት ነው አባ፣ እውነት ነው» እያለ መስቀላቸውን ተሳለመ። ቄሱ ገና ከበር ሳይወጡ ወደኔ ዞሮ «ሸጋ ልጅ ነው፤ ግን ገና ልጅ ነው» አለኝ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ለሌላው ሰው ቸር መሆኑ ነው። ጎረቤታችን ባጃጅ ነጂ ነው፤ መጠጥ ይወዳል፣ ሲጠጣ ሚስቱን ያስለቅሳል። አንድ ማለዳ እንባውን እያፈሰሰ አባቴ ጋ መጥቶ፣ አያ እኔ ከእንግዲህ እግዜር ፊት የማልታይ ሰው ነኝ አለው። አባቴ ትከሻውን ይዞ፣ እግዜር እንዳንተ ላለው ነው የመጣው፣ ተነሥና ታጠብ፣ ቄሱ ጋ ሂድ ብሎ መከረው። ልጁ ሄደ፣ ንስሐ ገባ፣ ከሚስቱ ጋር ቆረበ። አባቴ በደስታ ዘለለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ ስሰማ፣ የጎረቤቱን ምሕረት ቆርሼ ለእሱ ባጎርሰው ደስ ባለኝ።

በመጨረሻ ቄሱም እኔም ወጥረን ይዘነው እሺ አለ። እናቴ ለቁርባን ስትዘጋጅ ከዋዜማው ጀምሮ ጠብታ ውኃ አትቀምስም። ክኒኑንም አትውጥም። ቄሱ ለሕመምተኛ ይፈቀዳል ቢሏትም፣ የክርስቶስን ሥጋ በክኒን ላይ አልቀበልም አለች፤ እሷም ከእሱ አታንስ! ክኒኑ ሲቀር እግሯ ያብጣል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ጎድጉዶ ይቀራል። እንዲያ ሆና ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። አባቴ ከኋላችን ነበር የሚመጣው። ግቢው በር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ዝንብ ዋጥሁ አለን።

ዝንብ! አፉ ከገባበት ጾሙ ተሽሯልና አይቆርብም። ጸሎት እያደረስሁ ሳለ ነው የገባብኝ አለ። እኔም ትዕግሥቴ አልቆ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አልሁት። እናቴ አባትሽን በጸሎቱ ትሰድቢያለሽ ብላ ተቆጣችኝ። እሷ በእኔ ተቆጥታ፣ እኔ ለእሷ ተቆጥቼ፣ እሱ ራሱን ደፍቶ፣ ሦስታችንም እንደመጣን ተመለስን። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ወሰድኋት።

ሁለተኛው ጊዜ ድንጋይ ነው። አስፋልቱ ካለቀበት ኮረት ላይ አውራ ጣቱን ተመትቶ ደማ። ደም ከፈሰሰው ደግሞ አይቆርብም። ይህን እንኳ ሆን ብሎ አላደረገውም እል ይሆናል፤ ነገር ግን ደሙን ሲያይ ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም፣ እፎይታ ነው። እናቴም አይታዋለች። ነጠላዋን ሰብስባ ወደመጣንበት ባጃጅ ተመለሰች።

ቤት ስንደርስ በቁም ጠየቅሁት። ምነው አባባ፣ እሷ እየደረቀች እየመጣች አንተ ሰበብ ትፈልጋለህ፣ ስትሞት ነው የምትበቃው አልሁት። ከባድ ቃል ነው፤ ብቻ ወጣኝ። አልተቆጣኝም። አንቺስ መቼ ቆርበሽ ታውቂያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ገና ነኝ፣ ባሌም አልፈለገም፣ ሥራም አለ አልሁ። «እንግዲያ እኔም ገና ነኝ» አለ። ይኸ ሰው ሲፈልግ ምላሱ ስለት ነው። ወጥ ልሠራ ገባሁ፤ ሽንኩርቱን የከተፍሁት በንዴት ነው።

ቄሱ አሁንም አልሰለቻቸውም። አባቴን ቀኖናዎን ጨርሰዋል፣ የቀረዎት ያስቀየሙትን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነው አሉት። ይህን ሲሰማ ነፍስ ዘራ፤ በጉልበት የሚሠራ ነገር አገኘ። ስልኬን ወስዶ አገር ቤት ያልደወለበት ሰው የለም። ጥጃውን ለመታበት ጎረቤት፣ በውኃ ተራ ለተሰዳደበው የአጎቱ ልጅ፣ በግ ሲሸጥ ለዋሸው ነጋዴ፣ ለሁሉም ይቅር በለኝ አለ። ጎንደር አጠገብ ጠዳ የምትኖር አንዲት ዘመዱን በአካል ሄዶ ጠየቃት። የቤት አከራያችንን ጠየቀ፤ እሱ እንኳ ምን እንዳደረገው አያውቅም። እኔንም «ያስቀየምሁሽ ካለ ይቅር በይኝ» አለኝ። ያስቀየምኸኝማ እየቀጠለ ነው፣ ሲያልቅ ጠይቀኝ አልሁት። ሳቀ። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ይህን ሁሉ ትሰማለች።

ሦስተኛው እሁድ ዝንብም ድንጋይም ሳይገጥመን ቤተ ክርስቲያን ገባን። እሱ በወንዶች በኩል፣ እኔና እናቴ በሴቶች በኩል ቆምን። እሷ መቆም ስላቃታት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ቅዳሴው ገፋ። ንጹሕ የሆነ ይቅረብ፣ ንጹሕ ያልሆነ አይቅረብ የሚለው ማስጠንቀቂያ ደረሰ። አባቴን አውቀዋለሁ። አንገቴን አስግጌ ወደ ወንዶቹ ባይ ቦታው ባዶ ነው።

እየሮጥሁ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ያጠልቃል። አንዱን አድርጓል፣ ሁለተኛውን እየታገለው ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ባይሆን ኖሮ የምጮኸውን ሁሉ በሹክሹክታ አዘነብሁበት። እሷ ውስጥ እየጠበቀችህ ነው አልሁት። ሌላ እሁድ ላይኖራት ይችላል አልሁት። ይህን ከዚያ በፊት ነግሬው አላውቅም ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰምተሽ የለም?» አለኝ። «አይቅረብ እኮ ነው ያለው።»

ዞር ስል እናቴን አየኋት። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ በየሁለት እርምጃው እየቆመች ወደኛ ትመጣለች። ልደግፋት ስሄድ በእጇ ከለከለችኝ። አባቴ ፊት መጥታ ቆመች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና ተናገረች። እናቴ ባሏን አንቱ ስትል ነው የኖረችው።

«ጃናሞራን በሙሉ ይቅር በሉኝ ሲሉ ሰነበቱ። የእኔ ደጅ ነው የራቀዎ?»

አባቴ የያዘውን ጫማ ቁልቁል አየ።

«እግዜርን ስንት ዓመት ለመኑት። እሱ ዝም ስለሚል ነው የደፈሩት?»

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በየቄሱ፣ በየመነኩሴው፣ በስልክና በአካል የዞረው ሰው፣ ያችን ልጅ የወለደቻትን ሴት አንድ ቀን አልጠየቃትም። እሱም «እንቢ ብትይኝስ ብዬ ነው» አላት። ከዚያ ጫማውን ለቆ በጉልበቱ ሆነ። «ይቅር በይኝ። ቄሱን ጥራ ብለሽኝ ነበር። አልሄድሁም።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች እናቴ። «እኔማ ያኔውኑ ይቅር ብየዎት ነበር። ጠይቀውኝ አያውቁም እንጂ።»

አባቴ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ያ ያበጠው እግሯ ላይ። ጎንበስ ማለት ስለማትችል በነጠላዋ ጫፍ ራሱን ነካ ነካ አደረገችው። ቆራቢዎቹ መሰለፍ ጀምረው ነበርና ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «ይነሡ እንግዲህ፤ ያልፈናል» አለችው። በአንድ እጄ እሱን አነሣሁት፣ በሌላው እሷን ያዝሁ። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም፤ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ መደብ ላይ እያደሩ! በእንባ ታውሬ፣ አንድ እግሩ ላይ ያለውን ጫማ አስወልቄ፣ ሁለቱንም ወደ ውስጥ ገፋኋቸው።