ጥለቱ ወደ አንገት የወጣ ቀሚስ

በባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ካሉት የባህል ልብስ መደብሮች በአንዱ መስኮት ላይ የተሰቀለ የልጅ ቀሚስ ባለፈው ወር ከመንገዴ አስቆመኝ። ነጭ ነው፤ ጥለቱ ግን የተሰፋው ከታች በጫፉ ላይ ሳይሆን ከላይ በአንገቱ ዙሪያ ነው። ሻጯ ወጣት ናት። መቆሜን አይታ ወጣ አለችና፣ "እማማ፣ ለልጅ ልጅዎ ነው? አሁን የመጣ ፋሽን ነው" አለችኝ። የልጅ ልጅ የለኝም። ፋሽኑም አሁን የመጣ አይደለም። ይህንኑ ቀሚስ ጣሊያን ባሕር ዳርን በያዘበት ዘመን፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ለብሼዋለሁ። ብዙ ቀን ግን አልለበስሁትም።

የእኔ ዘመን ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ስንጽፍ የሐይቁን ሽታና የጨዋታውን ጣዕም ማስቀደም እንወዳለን። እኔም አልረሳሁትም። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በውኃው መካከል የነበረችው መንደራችን ጠዋት ጠዋት እርጥብ ደንገልና ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዓሣ ትሸት ነበር። እኛ ልጆች ከደንገሉ ትራፊ ትንንሽ ታንኳ እየሠራን በዳርቻው እናሽቀዳድም ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቆዳዬ የሚያስታውሰው ግን የእናቴን ስፌት ነው። ትዝታ የግድ ጣፋጭ መሆን አለበት የሚል ሕግ ደግሞ አላውቅም።

ያን ጊዜ በእኛ አካባቢ መርፌ የወንድ ዕቃ ነበረች። ሴት ትፈትላለች፣ ሸማኔ ይሸምናል፣ የተሸመነውን ቀድዶ የሚሰፋው ግን ወንድ ነው፤ በካህናት ቤት ደግሞ ይህን የሚያውቅ አይጠፋም። አባቴ መርጌታ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ዙሪያቸውን ተቀምጠው ሲቀጽሉ እሳቸው እግራቸውን አጣጥፈው የእናቴን ቀሚስ ይሰፉ ነበር፤ አንዱ ዜማ ሲሳሳት መርፌዋን ከጨርቁ ሳያወጡ ቀና ብለው ያርሙታል። ስፌታቸው አይታይም ነበር። ጣሊያን መጥቶ ከመንደራችን ዳር ምሽጉን ሲሠራ ግን መርፌያቸውን በቀርከሃ ማኅደሯ ከተው ለእናቴ ሰጡና ወደ ዱር ወጡ፤ አርበኞች ዘንድ ገቡ። ለመንደሩ የተነገረው ዋልድባ ገዳም ገቡ ተብሎ ነው። ሲለዩን ለእናቴ ያሏትን ሰምቻለሁ፦ "ልጅቷን እንዳታራቁቻት።"

እናቴ አንጓች ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ የታወቀች የሰፌድ ሰፊ ነበረች። ወስፌና አክርማ በእጇ ሲገቡ ማንም አይደርስባትም። ጨርቁንም የሰፋችው በምታውቀው መንገድ ነበር፤ ሁለቱን ጠርዝ ገጥማ፣ በድርብ ፈትል እየጠመጠመች፣ እንደ ሰፌድ ከንፈር አጥብቃ። ከአባቴ አሮጌ ሱሪ የወጣው የመጀመሪያው ቀሚሴ መሬት ላይ ቢያኖሩት ሰው ሳይለብሰው ይቆም ነበር። አንዱ እጅጌ ክርኔ ላይ ሲቀር ሌላው ጣቶቼን ይውጣል። ብብቴ ተላጠ። በገበያው ባለ ስፌት መኪና ልብስ ሰፊ ነበረ፤ የሚሰፋው ግን ለምሽጉ ወታደሮች ስለ ነበር እናቴ ደጁን አልረገጠችም።

ጎረቤታችን ዘይነባ የታንኳ ሠሪው የሰይድ ሚስት ነበረች። የእኛ ቤት የካህን፣ የእነርሱ የሙስሊም ስለ ሆነ ሥጋ አንጋራም፤ ሌላውን ሁሉ እንጋራ ነበር። ቀሚሴን አንስታ ብርሃን ላይ እያገላበጠች፣ "አንቺ አንጓች፣ ይሄን ልጅቷ ትለብሰዋለች ወይስ እህል ታበጥሪበታለሽ?" አለቻት።

"አዲስ ስለ ሆነ ነው። ሲታጠብ ይለሰልሳል።"

"ሰፌድ አጥበሽ ለስልሶልሽ ያውቃል?"

እናቴ ሳቀች። ቀልዱ ከቤት ወጣና የሰፈሩ ልጆች "ሰፌዷ መጣች!" ይሉኝ ጀመር። ሁለተኛው ቀሚስ ከአቡጀዲ ተሠርቶ እጅጌዎቹ ተስተካከሉ፤ አንገቱ ግን ራሴን አላሳልፍ ብሎ ዘይነባ በቢላዋ ተረተረችው። በሦስተኛው ላይ እናቴ ጠርዝ አጥፋ መዘምዘም ተማረች። ስፌቷን በጥርሷ እየበጠሰች ስታስተካክል ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። አባቴ ሲመለሱ ልታሳያቸው ነበር የምትሰፋው።

ሰይድ ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ በታንኳ ደንገል ጭኖ የተመለሰ ዕለት በቀጥታ ወደ ቤታችን መጣ። ከተሸከመው ደንገል ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣ። የአባቴ ኩታ ነበር። "እቴ አንጓች፣ ድምፅሽን ያዢ" አላት ሳይቀመጥ፣ "ጓደኞቻቸው በወግ ቀብረዋቸዋል።" ደንገሉን ተሸክሞ ወጣ።

እናቴ አላለቀሰችም። ምክንያቱን ያኔውኑ ነገረችኝ፤ በሰባት ዓመት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መጫን ተገቢ መሆኑን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የመንደራችን ሹም ጣሊያን የሾመው ሰው ነው፤ የዋልድባውን ወሬ ሙሉ በሙሉ አላመነም። ልቅሶ ከተቀመጥን ሞቱን ማን ነገራቸው ይላል፤ በዚያ ሰሞን ከቁንዝላ ማን እንደ መጣ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። "እኛ ካለቀስን ሰይድ ይሰቀላል" አለችኝ እናቴ። "አባትሽ ዋልድባ ናቸው።"

የኩታው ነገር ግን ቀረ። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው፣ አባቴ በየበዓሉ የሚያጣፉት፣ መንደሩ የሚያውቀው ኩታ ነው። ቤት ይፈተሽ ስለ ነበር ማስቀመጥ አይቻልም። ማቃጠል አልቻለችም። በእንዶድ አጠበችው፤ ከታንኳው የያዘው የዓሣ ሽታ ግማሹ ለቀቀ፣ ከአንድ ጠርዙ አጠገብ የነበረው ቡናማ ምልክት ደግሞ ጨርሶ አልለቅ አለ። ከዚያም ለእኔ ቀሚስ ቀደደችው። ምልክቱ ከብብት ሥር በስፌቱ እጥፋት ውስጥ እንዲገባ አደረገች፤ እንዳይታወቅ ጥለቱን ለሁለት አጥፋ ግማሹን ሸሸገች። የቀረውን ግማሽ ግን በቀሚሱ ጫፍ ላይ አላዋለችውም። ወደ አንገቴ አወጣችው።

የእኔ ዘመን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋችሁም፤ ለሌላው ልናገር። ሰው የሞተባት ሴት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ በደኅናው ቀን ከታች የሚውለው ጥለት በሐዘን ጊዜ አንገቷን ይከባል። ይህ የነጠላ ሕግ ነው። ለተሰፋ የልጅ ቀሚስ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። እናቴ የገባችው በዚህ ክፍተት ነው። የራሷን ነጠላ ማዘቅዘቅ አትችልም፤ ጨርቅ መስፋት እንደማትችል ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በኋላ ባሕር ማዶ ተምሬ ስለ ብዙ ሕዝቦች የሐዘን ልማድ አንብቤአለሁ። ሐዘኗን የስፌት ስሕተት አስመስላ ልጇን ያለበሰች ሴት በአንዱም አላገኘሁም።

ዘይነባ ቀሚሱን ለብሼ ባየችኝ ጊዜ አልቀለደችም። በሩን ገፋ አደረገችና ወደ እናቴ ዞረች።

"አንጓች፣ ይሄን ጥለት የሰፋሽው በኑርዬ አባት አንገት ላይ ነው።"

የኑርዬ አባት ያለችው ባሏን ነው፤ በስሙ አትጠራውም ነበር። እናቴ ከፈትሏ ቀና አላለችም። "ማን ያውቃል? ሰፌድ ሰፊ አይደለሁ?"

"እኔ አወቅሁ።"

"አንድ ሰው እንኳ አይዘንላቸው፣ ዘይነባ?"

"እዘኝላቸው። በሆድሽ እዘኝላቸው" አለችና ወጣች። ከዚያ በኋላ ወደ ቤታችን መምጣት ተወች። እናቴም ቀሚሱን አላወለቀችብኝም። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ይህን ለመቀበል ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል።

የሹሙ ሚስት እመይቴ ጥሩነሽ ሰፌድ ላዝዝ ብላ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነበር። መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ስለ ሰፌዱ ስፋት ጥቂት ተናገረች፤ ከዚያም በጣቷ ጠራችኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ጥለት በሁለት ጣቶቿ ይዛ አሸችው።

"ምነው አንጓች፣ ጥለቱን እዚህ ሰቀልሽው? ደግ አይደለም እኮ። ሰው የሞተባት ትመስላለች።"

"ጨርቁን ገልብጬ ቀድጄ ነው፣ እመይቴ። ካለቀ በኋላ ነው ያየሁት።"

"መርጌታ ደኅና ናቸው? ከዋልድባ ወሬ ይመጣል?"

"ደኅና ናቸው ብዬ ነው የማምነው።"

"እግዚአብሔር ያቆይልሽ። እንግዲያ ፍቺውና አስተካክይላት፤ ለልጅ ገድ የለውም። እኔ እንደ ሆነ አልቸኩልም፣ እያየሁሽ እጫወታለሁ።"

በዚህ ጊዜ ዘይነባ ገባች። የሹሙን ሚስት ወደ ቤታችን ስትገባ አይታት ኖሮ ሮጣ ነው የመጣችው፤ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። ድምፅዋ ግን የገበያ ድምፅ ነበር።

"ነግሬያት ነበር እመይቴ! ራሱንና እግሩን የማትለይ ሰፊ! ከአንዱ ቀሚስማ ልጅቷን በቢላዋ ነው ያወጣኋት፣ ታምኛለሽ? እሷ እቴ፣ ነገ ደግሞ እጅጌውን ጀርባዋ ላይ ትሰፋዋለች!"

እመይቴ ሳቀች። ዘይነባ ሳቀች። እናቴም ሳቀች፤ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። ቀሚሱን አወለቀችልኝና መፍታት ጀመረች። እንዳታራቁቻት የተባለላት ልጅ ምሰሶው ሥር ራቁቷን ቆማ አየች። ሰፌድ የለመደ እጅ የጠመጠመው ፈትል በቀላሉ አይፈታም፤ እናቴ በጥርሷ እየበጠሰች በጥፍሯ ትነቅለው ነበር። እመይቴ ጨርቁን አልነበረም የምታየው፤ የእናቴን ፊት ነበር። ከእናቴ ፊት ላይ ግን ከሳቅ በቀር ያገኘችው ነገር የለም። ጥለቱ ከአንገቱ ተለይቶ መሬት ላይ ሲወድቅ ተነሣች። "ሰፌዱን ሰፋ አድርጊው" ብላ ሄደች።

ዘይነባ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። የራሷን ሻሽ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና የቀሚሱን ሌላ ጫፍ ያዘችላት። ጥለቱ ወደ ጫፉ ወርዶ ተሰፋ። ዘይነባ ስትሄድ እናቴ ከጥለቱ የተረፈውን ጣት የምታህል ቁራጭ አንሥታ በአንገትጌው ውስጥ፣ ቆዳዬን በሚነካው በኩል ሰፋቻት፤ በለመደችው እጇ፣ አጥብቃ። ገና ሳጠልቀው ቆረቆረኝ፤ እጄን ሰደድሁ።

"አትነካኪው" አለችኝ። "ተይው፣ ይቆርቁርሽ።"

ሰይድ አልተሰቀለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላም ለብዙ ዘመን ታንኳ ሲሠራ ኖሯል። ያ የልቅሶ ቀንም በመጨረሻ መጣ፤ የአባቴ ጓደኞች ከዱር ተመልሰው መርዶውን ለመንደሩ በይፋ አረዱ፣ ድንኳን ተተከለ። እናቴ ነጠላዋን በሰው ፊት አዘቀዘቀች። እንባ ግን አልወጣትም፤ ጊዜው አልፎበት ነበር። ከለቀስተኛው ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደረቷን የደቃችው እመይቴ ጥሩነሽ ነበረች፤ ሹሙም ከወንዶቹ ፊት ተቀምጦ መጽናናትን ይመኝልን ነበር። በአዲሱ ዘመንም ሹም ሆኖ ቀጠለ። እናቴን በዕለቱ እንባ የሌላት ሚስት ብለው አሟት። እስክትሞት ድረስም መንደሩ የሚያስታውሳት ጨርቅ መስፋት ያልሆነላት የመርጌታ ሚስት እያለ ነው፤ እርሷም አላረመችውም። ቀሚሱ ጠበበኝ፣ ነተበ፤ ያቺ ቁራጭ የት እንደ ወደቀች አላውቅም።

ዛሬ ልጆች የሚለብሱት ልብስ ብብት አይልጥም፣ እጅጌውም እኩል ነው። ይህን አልነቅፍም። ሻጯ ቀሚሱን ከመስኮቱ አውርዳ ሰጠችኝ። ስፌቱ አይታይም፤ አባቴ ቢያዩት የሚቀበሉት ሥራ ነው። ጣቴን ወደ አንገትጌው ውስጥ ሰደድሁና ዙሪያውን ዳሰስሁ።

"ምን እየፈለጉ ነው፣ እማማ?" አለችኝ ልጅቷ። "ለልጅ ቆዳ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ምንም አይቆረቁርም።"

እውነቷን ነው፤ ምንም አይቆረቁርም። አጥፌ መለስሁላት።