የፀጉር አስተካካዩ እጆች

የሰፈሩ ሰው ፀጉር አስተካካዩን «ቀስበቀስ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ቶሎ በል ያለውን ሁሉ፣ «ቀስ በቀስ! ጆሮ እንደሆነ መለዋወጫ የለውም» እያለ ስለሚመልስ።

እነዚያ ጥንቁቅ እጆቹ አንድ በጋ ያሳክኩት ጀመር። ቀን ሙሉ ሳሙና፣ አልኮልና ሙቅ ውሃ ሲፈራረቁባቸው ቆዳቸው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ሎሚ ቀባ፤ ባሰበት። በትኩስ ውሃ ሲዘፈዝፋቸው ለጊዜው ረገብ ይልለትና ሲደርቁ እሳት ይለቅበታል።

ደንበኞቹ አፍ አውጥተው አልተናገሩም። ብቻ በመስታወቱ የሚያዩት ፊታቸውን ሳይሆን እጁን ሆነ። ሆዱን ያስባሰው ግን ታናሽ ወንድሙ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሌላ ሰው መቀስ ነክቶት የማያውቀው ወንድሙ አንድ እሑድ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ቀስበቀስ የት እንደተቆረጠ አልጠየቀውም፤ ወንድምየውም ቀና ብሎ አላየውም።

በማግስቱ ሚስቱ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ እጁን አገላብጣ አየችና የሚተላለፍ ነገር እንዳልሆነ፣ ቆዳው ወዙ ተሟጦ መቆጣቱን ነገረችው። ቅባት አዘዘችለት፤ ትኩስ ውሃም ከለከለችው፤ ማሳከኩን እንዲያስታግስለት ደግሞ አጃ እንደ ዱቄት እስኪልም ተፈጭቶ ለብ ባለ ውሃ እንዲበጠበጥና እጁን እንዲነክርበት መከረችው።

ቀስበቀስ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈ። «በቁርሴ ልታጠብ ነው?» አላት ሚስቱን።

«አንተ ዝም ብለህ እጅህን አምጣ።»

መጀመሪያ የፈጨችው ሻካራ ሆኖ ከሳፋው ሥር ዘቀጠ። ደግማ ፈጭታ በወንፊት ስትነፋው ውሃው ወተት መስሎ ለዘብ አለ። እጁን ነከረ፤ ትከሻው ሲላላ አየችው። ሲያወጣው ሳትፈትግ በፎጣ ጫን ጫን አድርጋ እርጥበቱ ሳይለቀው ቅባቱን ቀባችው። ያን ቀን ጋዜጣውን ሳያክ አንብቦ ጨረሰ።

አጃው ተአምር አልሠራም። ስንጥቁን ያዳነው ቅባቱና ትኩስ ውሃ መተዉ ነው፤ አጃው ግን ማከኩን ስላስቆመው ቁስሉ ፋታ አገኘ።

እጁ ሲያገግም መቀሱን ይዞ ወንድሙ ቤት ሄደ። «አይተላለፍም፤ ሐኪም ጠይቄያለሁ» አለው።

«ፈርቼ እኮ አይደለም...» ብሎ ጀመረና ወንድምየው ማጅራቱን ዳሰሰ። «ፈርቼ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ዙር እስቲ፤ ማነው ከኋላ እንዲህ የጨፈጨፈህ?»

ወንድምየው ሸሚዙን አውልቆ ወንበር ሳበ። ቀስበቀስም የተዛባውን አስተካከለለት፤ ከዚያ አብረው እራት በሉ።